የውሰት ብርድ ልብስ

መጋቢት 12

ይድረስ ለተወደድከው የእህቴ ልጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን አለህ? ጤናህን፣ ሥራህን፣ እንቅልፍህን ጭምር እጠይቃለሁ፤ ባለፈው ደብዳቤህ ስለ እንቅልፍህ አንድም ቃል አልጻፍክም። እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ሰላም ብላሃለች። እናትህም ደህና ናት፤ ያ ሳሏ ብቻ ሊነጋጋ ሲል ይነሳባታል። "ኮሚቴው እንዴት ነው?" ትላለች ባገኘኋት ቁጥር። በሰው ጉዳይ ሁሉ ስብሰባ ስትጠራ ያወጣንልህ ስም እስካሁን አለቀቀህም። ትልቁ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠህ የተነሳኸውን ፎቶ ከበሩ ትይዩ ሰቅላዋለች፤ የገባ ሁሉ መጀመሪያ አንተን ነው የሚያየው።

አሁን ወደ ዜናው ልምጣ። ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛ ዓመቴ ሥራ አገኘሁ። ያንተው መሥሪያ ቤት የሚልከው የኑሮ መለኪያ ቅጽ እኛ ሠፈርም ደረሰ፤ ጽሕፈቱ የሚነበብ ሰው ሲፈለግ እኔን ጠሩኝ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቤት ተሰጥቶኛል። ቅጹ አራት ገጽ ነው። ጣሪያው፣ ወለሉ፣ ፍራሹ፣ ብርድ ልብሱ፣ ጠረጴዛው፣ ሬዲዮው፣ ትናንት ስንት ጊዜ እንደተበላ፣ ሁሉም ነጥብ ነጥብ አለው። ከሠላሳ በታች የሆነ ቤት ክረምት ሳይገባ የጣሪያ ቆርቆሮ ይሰጠዋል። ይህን ለሰዎቹ እንዳንነግር ታዘናል። አልነገርኩም፤ ለእናትህም ቢሆን አልነገርኩም። የእሷን ጣሪያ ታውቀዋለህ። አልጋዋን ለሦስተኛ ጊዜ አዛውራ አሁን ከበሩ ኋላ አድርጋዋለች። "ከዚህ በኋላ የሚቀረኝ ደጅ ነው" ብላ ሳቀችብኝ።

አሠልጣኛችን ወጣት ነው። "ድሃ ይደብቃል፤ የሚነግሯችሁን ሳይሆን የምታዩትን ጻፉ" አለን። እኔ ግን ሰው ቤት ሳይነግሩ ዘው ማለት ስለሚከብደኝ ሁለት ቀን አስቀድሜ የምመጣበትን ቀን አስነግራለሁ። "ጋሼ፣ ይሄ እኮ በመመሪያው የለም" አለኝ። "በመመሪያው ባይኖር በአስተዳደጌ አለ" አልኩት።

ደስ ያለኝን አንድ ነገር ልጨምር። የተሳሳተ መልስ በላጲስ አይፋቅም፤ በአንድ መስመር ተሰርዞ ትክክለኛው ከላዩ ይጻፋል ይላል መመሪያው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ስናገር የኖርኩትን ነው፤ ስህተት መታየት አለበት።

በርታ። ጤናህን ይጠብቅልኝ።
አጎትህ


መጋቢት 30

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ፣

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ከእርስዎ፣ ከባለቤትዎና ከእማዬ ናፍቆት በቀር እኔ በጣም ደህና ነኝ። እንቅልፌም ደህና ነው።

ቅጹን እርስዎ እንደሚሞሉት ስሰማ እንዴት እንደኮራሁ። ከዚያ የሚመጣው ወረቀት ሁሉ የሚያልፈው በኔ እጅ ነው፤ እዚህ የእኛን ፊደል የሚያነብ ሌላ ሰው የለም። ከአለቃዬ ጋር ቁጭ ብለን እናጠናዋለን። አሠልጣኙ ያላችሁ ትክክል ነው፤ ያዩትን ብቻ ይጻፉ። በአዘኔታ የሚጨምሩ፣ በቂም የሚቀንሱ መዝጋቢዎች ብዙ አስቸግረውናል። እርስዎ እንደማያደርጉት አውቃለሁ፤ የራስዎን ልጅ በግማሽ ነጥብ ጥለው ክፍል ያስደገሙ ሰው ነዎት።

ለእማዬ ወር ሲያልቅ የሆነ ነገር እልካለሁ። ሥራ ስለበዛብኝ እንጂ ረስቼ እንዳልሆነ ይንገሩልኝ።

ጉልበትዎን እስማለሁ።
የእህትዎ ልጅ


ሚያዝያ 20

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ሁላችንም አለን።

ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱንም ቤት ጨርሼ አስረክቤአለሁ። የራሴ ቤት ቁጥር አንድ መቶ አሥራ ስምንት ነበር፤ እሱንም እንደማንኛውም ቤት ሞላሁት። የእናትህ ቤት አንድ መቶ ሠላሳ አንድ ነው። ድምሩ አርባ አንድ መጣ። ያየሁትን ጽፌአለሁ።

ጫማዬ ተረከዙ አልቋል፤ ከዚህ ሌላ የደረሰብኝ ጉዳት የለም። ወር ሲያልቅ ያልከውን እናትህ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አላነሳሁባትም።

ሰላም ሁን።
አጎትህ


ግንቦት 8

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ደብዳቤዎ እንዲህ ያጠረብኝ ጊዜ የለም፤ ድካም ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ጋሼ፣ የቤት ቁጥር አንድ መቶ ሠላሳ አንድ ደረሰኝ። ጽሕፈትዎን ሳይ የሦስተኛ ክፍል ደብተሬ መሰለኝ። ፍራሽ ሁለት፣ ብርድ ልብስ ሦስት፣ ጠረጴዛ ከአራት ወንበር ጋር፣ ሬዲዮ አንድ። እማዬ ሬዲዮ ስታዳምጥ ታየኝና ብቻዬን ሳቅኩ። እውነቱን ለመናገር ከብዙ ወር በኋላ በደንብ የተኛሁት የዚያን ቀን ነው።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገርዎ። የእርስዎ ሠፈር የሬዲዮ ብዛት መሥሪያ ቤቱን ሁሉ አስገርሟል። አለቃዬ "እነዚህ ሰዎች ምግብ ሳይሆን ዜና ነው የሚበሉት" አለ።

ያ ወር ሲያልቅ ያልኩት ነገር ትንሽ ሊዘገይ ነው። እማዬ እንዲህ ደህና ከሆነች ቅር አይላትም ብዬ ነው። ሳሏ እንዴት ነው?

ጤና ይስጥልኝ።
የእህትዎ ልጅ


ሰኔ 15

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

እንደምን አለህ? ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አልፎታል። አራት ጊዜ መልስ ጀምሬ አራቱንም ቀድጃለሁ። ይህን ግን አልቀድም ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

የቆርቆሮው ዝርዝር ተለጥፏል። እናትህ የለችበትም። ዝናቡ ገብቷል። ቤቷ ውስጥ ሦስት ድስትና አንድ ሳፋ ተደርድሮ ውኃ ይቀበላል። ሳሏን ጠይቀኸኝ ነበር፤ አሁን ሲነጋ ብቻ አይደለም። "ከኔ የባሰ ሞልቷል፤ ለነሱ ቢደርስ ነው ደግ" ከማለት በቀር አንድም ቃል አልወጣትም።

እንዴት እንደሆነ በቅደም ተከተል ልንገርህ።

ቀኔን አስነግሬ ስለምሄድ ሰው ሁሉ ተሰናድቶ ይጠብቀኛል። አሠልጣኛችን ድሃ ይደብቃል ነበር ያለው። ድሃ ይዋሳል ያለን የለም። አለቃህን ያስገረመው ሬዲዮ አንድ ነው፤ የፀጉር አስተካካዩ ሬዲዮ። መያዣው በፕላስተር የተጠቀለለ ስለሆነ የትም ባየው አልስተውም። አንድ ቤት መዝግቤው ስወጣ በጓሮ አልፎ ከኔ ቀድሞ ቀጣዩ ቤት ይደርሳል። በሦስት ቀን ሰባት ቤት አግኝቼዋለሁ። ሰባት ጊዜ ጻፍኩት። የምታየውን ጻፍ ነው ደንቡ እያልኩ።

ከዚያ እናትህ ቤት ደረስኩ። ገና ስገባ "ቁጭ በል እንጂ፣ መዝጋቢው" አለችኝ። የልብስ ሰፊዋ ጠረጴዛ መሐል ቤት ቆሟል። የልብስ ስፌቱ ክር እንኳ እግሩ ላይ እንደተጠመጠመ ነበር። ሬዲዮው እሱ ላይ ተቀምጧል።

"ትናንት ስንት ጊዜ በላሽ?" አልኳት።

"እንደ ሰው።"

"እንደ ሰው ስንት ነው?"

"ሦስት ብለህ ጻፍ።"

ሦስት ብዬ ጻፍኩ። አልጋዋን ዞር ብዬ ሳይ ከላይ የተዘረጋው ሰማያዊ ብርድ ልብስ የኔው ነው። ጥጉ ላይ የካውያ ጠባሳ አለው፤ ጡረታ የወጣሁ ዕለት ሱሪዬን እሱ ላይ ስተኩስ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። እናትህ አየችኝ። እኔም አየኋት። ከዚያ አንገቴን ደፍቼ "ብርድ ልብስ፣ ሦስት" ብዬ ጻፍኩ። ያንኑ ብርድ ልብስ ከሁለት ቀን በፊት በራሴ ቤት ቅጽ ላይ ቆጥሬዋለሁ።

ቤቴ ስመለስ አልጋችን ተራቁቷል። "ብርድ ልብሱስ?" አልኳት ባለቤቴን። "ታጥቦ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል" አለችኝ። ማምሻውን ተመልሶ መጣ። ደረቅ ነበር፤ የሳሙና ሽታም የለው። ሁለታችንም ለብሰነው ተኛን።

ደንብ አክብሬ ነው ብዬ ልጽፍልህ ነበር። ያን የጻፍኩባቸውን ነው የቀደድኳቸው። እውነቱ ዝርዝሩ በሰሌዳ እንደሚለጠፍ ማወቄ ነው። የመምህሩ እህት ከሠላሳ በታች ናት ተብሎ ተማሪዎቼ ፊት እንዳይነበብ ነው። እናትህ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠችው እኔ እንድቀጥል እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። አርባ አንድ የሚለውን ስደምር አልከፋኝም። እንዲያውም ደስ አለኝ።

አሁን የምጠይቅህ አንድ ነገር ብቻ ነው። ከተረከቡ በኋላ ቅጽ የሚታረምበት መንገድ አለ ወይ?

አጎትህ


ሐምሌ 2

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ፣

ደብዳቤዎን መንገድ ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ ሰው እየገፋኝ ሲያልፍ ነበር።

እርስዎ ብቻ አይደሉም ጋሼ። እኔ ያደግኩት እዚያ ቤት ነው። ከእማዬ ጋር አንድ ብርድ ልብስ እየተጓተትን ነው ያደግኩት። ሦስት የሚለውን ሳይ ማን ገዛላት ብዬ አልጠየቅኩም። ሬዲዮውን ማን ሰጣት አላልኩም። ከጠየቅኩ መላክ ይኖርብኛል። ከመስከረም ጀምሮ ምንም አልላክሁም። አርባ አንዱን ሳይ የተኛሁት ለእማዬ ደስ ብሎኝ ሳይሆን ለራሴ ቀሎኝ ነው።

የሚታረምበት መንገድ አለ። መዝጋቢው ቤቱን እንደገና አይቶ የማረሚያ ቅጽ ይሞላል፣ ለምን እንደተለወጠ ምክንያቱን ይጽፋል፣ ይፈርማል። ነገር ግን የማረሚያው ዝርዝር ከነመዝጋቢው ስም ያው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። መዝጋቢውም ዳግመኛ አይቀጠርም። እስከ ሐምሌ መጨረሻ ካልገባ ደግሞ የሚታየው በሚመጣው ዓመት ነው።

ስለዚህ ሌላ ነገር አስቤአለሁ። ቁጥሮቹ ያሉት እኔ ፊት ነው። ጥቂት ቁጥሮች ብነካ አርባ አንዱ አሥራ ስምንት ይሆናል። የሚያይ የለም፤ ፊደሉን የሚያነብ ሰው የለም አላልኩዎትም? ስምዎ አይነሳም፣ የእማዬም ቤት ድጋሚ አይቆጠርም። ይሁን ብቻ ይበሉኝ።

የእህትዎ ልጅ


ሐምሌ 20

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ።

አይሁን። ቁጥሩን እንዳትነካ። ለእናትህ አንተ ትነካላታለህ፤ ሬዲዮው ለዞረባቸው ለሌሎቹ ማን ይነካላቸዋል? ደግሞም ያ መፋቅ ነው።

ደብዳቤህ በደረሰኝ ማግስት ጠዋት እናትህ ቤት ሄድኩ። ውኃ የሞላ ሳፋ ይዛ ልትደፋ ስትወጣ በር ላይ ተገናኘን።

"ሳትነግረኝ መጣህ" አለችኝ።

"ሳልነግርሽ መጣሁ።"

"ቤቱ አልተሰናዳም።"

"ለዚሁ ነው የመጣሁት፣ እትዬ።"

ሳፋውን እንደያዘች ብዙ ቆመች። ውኃው እየፈሰሰ ጫማዋን ሲያርሰው እንኳ አላስቀመጠችውም። በኋላ ደፋችና "በል ግባ፤ እኔው እቆጥርልሃለሁ፣ አንተ ዝም ብለህ ጻፍ" አለችኝ።

"ጠረጴዛ?"

"የልብስ ሰፊዋ። ከነወንበሩ።"

"ሬዲዮ?"

"አሁን ፀጉር ቤት ነው። ፈጠን ካልክ ለዜናው ትደርሳለህ።"

"ፍራሽ?"

"አንድ። እሱም ግማሹ እርጥብ ነው። ግማሽ የሚል አለው ቅጽህ?"

"የለውም።"

"እንግዲያው አንድ በል።"

"ትናንት የበላሽው?"

"አንዴ" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው፣ ወዳንተ ፎቶ አዞረች። ብርድ ልብሱ ላይ ስንደርስ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ያንተ እንደሆነ አውቀህ ነበር?" አለችኝ።

"አውቄ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ጻፍከው?"

"አንቺስ ለምን ዘረጋሽው?"

"ወንድሜ ወረቀት ይዞ ሲመጣ የተራቆተ አልጋ ይይ?" አለች። ቀጥላም "እኔ ላንተ ብዬ፣ አንተ ለኔ ብለህ" አለች።

"የለም እትዬ፣ እኔስ ለራሴ ብዬ ነው" አልኳት።  ጃንጥላዬን አንስታ ሰጠችኝ።

ከዚያ ሬዲዮው ወደ ዞረባቸው ሌሎች ስድስት ቤቶች ሄድኩ። አንዱ ቤት ወደ ሌላው እየመራኝ ሃያ ሦስት ደረሰ። ጠረጴዛው አራት ቤት ውሏል፤ አንዲት መጋረጃ አምስት። በየበሩ ሳልነግር መሄድ ሌባ የመሆን ያህል ከበደኝ። ሁለት ቤት አላስገቡኝም። አንዲት ሴት "ያኔ አይተውኝ አልነበር፣ ጋሼ? አሁን ምን ታየዎት?" አለችኝ። 

ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ "መዝጋቢው እያወቀ እንዳላወቀ ስላለፈ" ብዬ ጻፍኩ። አሠልጣኙ አንብቦ ብዕሩን ጉንጩ ላይ አደረገ። "ጋሼ፣ የአቆጣጠር ስህተት ብንለው አይሻልም?" አለኝ። "የአቆጣጠር ስህተት አይደለም። መቁጠርማ አውቃለሁ" አልኩት።

ከትናንት ወዲያ ተለጥፏል። ሃያ አንድ ማረሚያ፣ በሃያ አንዱም ላይ የኔ ስም። ያስተማርኳቸው ሰዎች ቆመው ያነባሉ። እኔ ሳልፍ ሰላምታ ይሰጡኛል፤ ድምፃቸው ግን ዝቅ ይላል። ፀጉር አስተካካዩ ብቻ "ጋሼ፣ የኔን ሬዲዮ በመጨረሻው ለማን ጻፉልኝ?" ብሎ ጮኸብኝ። ሱቁ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። እኔም ትንሽ ሳቅኩ።

የእናትህ ድምር አሥራ ስምንት ነው።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ባዶ ቅጽ አያይዣለሁ። አንተ ያለህበት ቤት መዝጋቢ ስላልመጣ ራስህ ሙላው። የምታየውን ጻፍ።

አጎትህ


ነሐሴ 9

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ፣

ቅጹን ሞልቼ ልኬአለሁ። ስድስት ቀን ወሰደብኝ።

ክፍል አንድ፣ የሚያድሩበት ሰዎች አምስት። አልጋዬ ግማሽ ነው፤ ቀን ቀን አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ይተኛበታል፣ እሱ ሲወጣ እኔ እገባለሁ። ሁልጊዜ ሞቆ ነው የማገኘው። ቅጹ ግማሽ ስለሌለው አንድ አልኩት። ብርድ ልብስ ዜሮ፤ ካፖርቴን ነው የምለብሰው። ትናንት ሁለቴ በልቻለሁ። ጠረጴዛ የሚለው ላይ መጀመሪያ አንድ ብዬ ጽፌ ነበር። በአንድ መስመር ሰርዤ ከላዩ ዜሮ ጽፌአለሁ፤ አልፋቅኩትም።

እማዬ ግድግዳ ላይ ያለው ፎቶ የአለቃዬ ጠረጴዛ ነው። ለምሳ ሲወጣ ጽዳት ሠራተኛዋ ነች ያነሳችኝ። ወንበሩ እስኪሞቀኝ እንኳ አልተቀመጥኩበትም። ሥራዬ ቁጥር መክተብ ነው፤ የሚከፈለኝ በገጽ ነው። ከማንም ጋር ቁጭ ብዬ ምንም አላጠናም።

ድምሩን አልሠራሁትም። እርስዎ ይደምሩት። ለእማዬ ማንበብ አለማንበቡንም ለእርስዎ ትቻለሁ።

የእህትዎ ልጅ


ነሐሴ 27

ይድረስ ለተወደድከው የእህቴ ልጅ፣

እንደምን ከረምክ? እኛ ደህና ነን። ዝናቡም እየሳሳ ነው።

ቆርቆሮው መጣ፤ አሥር። ዘግይቶ ቢሆንም መጣ። አናጢው ከልጄ ጋር ሆኖ በአንድ ቀን ተኩል መታው። ጥግ ላይ አንዲት ጠብታ ቀርታለች፤ "እሷ ትቅር፣ እንዳልረሳ" አለች እናትህ። አልጋዋ ከበሩ ኋላ ወጥቷል። ሳሏ አልለቀቃትም፤ ሌት ግን ትተኛለች። ካስገቡኝ ሃያ አንዱ ቤቶች አሥራ ስድስቱ አግኝተዋል። ያላስገቡኝ ሁለቱ አላገኙም። በየቀኑ በደጃቸው አልፋለሁ።

ደብዳቤህን አነበብኩላት። ሳላነብላት ልቀር አስቤ ነበር፤ ግን መደበቅ እንዴት እንደሚያልቅ አይቻለሁ። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ "የብርድ ልብሱን ነገር ድገምልኝ" አለች። ደገምኩላት። ተነሥታ ፎቶው ፊት ቆመች። ታወርደዋለች ብዬ ፈርቼ ነበር። በነጠላዋ ጫፍ አቧራውን ጠረገችና "ጠረጴዛው የሰው ቢሆን ፊቱ የራሱ ነው" አለች። መልሳ አስተካክላ ሰቀለችው።

በማግስቱ ቤታችን መጥታ ባለቤቴን ብርድ ልብሱን ጠየቀቻት።

"ምነው፣ እንደገና ሊመዘግቡ ነው እንዴ?" አለቻት ባለቤቴ።

"አይ፣ አሁንስ ለመዘርጋት አይደለም። ለመልበስ ነው።"

ባለቤቴ አጣጥፋ ሰጠቻት። ይህን ደብዳቤ የያዘው መንገደኛ እሱንም ይዞልሃል። እኔ ምንም አልተጠየቅኩም። ቁጭ ብዬ የራሴን ቤት ማረሚያ ሞላሁ፤ ብርድ ልብስ፣ ሦስት የነበረው ሁለት። መሥሪያ ቤቱ ከኔ ማረሚያ አይቀበልም፤ ቢሆንም መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

ድምርህን ደምሬዋለሁ። አሥራ ሦስት ነው። ከእናትህ በታች ነህ። ይህን ለእሷ አልነገርኳትም፤ አልጠየቀችኝማ። እንደምትጠይቀኝ ግን አውቃለሁ፤ ያኔ እነግራታለሁ።

ብርድ ልብሱን በጥግ ጥጉ እየው። የካውያ ጠባሳ ካለው እሱ ነው። ቅጽህን አብሬ መልሼልሃለሁ፤ ሲደርስህ የብርድ ልብሱን ዜሮ ሰርዝና ከላዩ አንድ ጻፍ።

አጎትህ